የመፀው ጉብኝት፤ ተማሪና ቤተ ሰብ በተፈጥሮ መካከል



በኢትዮጵያ የትምህርት ዓመት የሚከፈትበት ጊዜና ምድር በአበባ የምትሸፈንበት ጊዜ አንድ ነው። መምህሩ የተማሪዎቹን ስም ሲመዘግብ፣ ወንበር ሲያከፋፍልና መጻሕፍት ሲያድል፣ ከክፍሉ መስኮት ውጭ ሜዳው ቢጫ ይለብሳል፤ ወንዙ ድፍርሱን ጥሎ ይጠራል፤ ሰማዩም ከደመና ይጸዳል። ተማሪው ግን ፊቱን ወደ ሰሌዳው መልሶ «የዓመቱ ወቅቶች አራት ናቸው» የሚለውን ቃል ይገለብጣል። ተማሪው ስለ ወቅቱ በሚጽፈው ቃልና በወቅቱ በራሱ መካከል ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ዓመቱ ያልፋል። የዚህ ንግግር ዐላማ ያ ግድግዳ በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን እንዲታለፍ፣ ይኸውም መምህር እየመራ፣ ወላጅም አብሮ እየሄደ፣ ተማሪዎች በመፀው ወራት ወደ ሜዳ፣ ወደ ደንና ወደ መናፈሻ እንዲወጡ ማሳሰብ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወቅቱ ስም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአበው አቈጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን አርባ ቀናት ዘመነ ጽጌ፣ ማለት የአበባ ዘመን፣ ትላቸዋለች። እንግዲህ የአበባውና የመከሩ ጊዜ መፀው እንጂ ፀደይ አይደለም። ይሁን እንጂ ዛሬ በብዙ ሰው አንደበት የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ ፀደይ ሲባል ይሰማል። በሰሜኑ ዓለም የአበባው ወቅት ብርዱን ተከትሎ የሚመጣው በመሆኑ፣ የዚያን ወቅት ስም በኢትዮጵያ የአበባ ወራት ላይ መለጠፍ ቀላል መስሎ ታይቷል። ስሙን ማስተካከል የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ተማሪው በደጁ የሚያየውን ነገር በትክክለኛ ስሙ መጥራት የዕውቀት መጀመሪያ ነውና።

ስሙ የተምታታው የነገሩ ምክንያት በሚገባ ስላልተመረመረ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በዚያው ወራት የቀኑ ርዝመት በፍጥነት ያጥራል፤ ብርዱም ይጸናል። በዚህ ጊዜ ዛፉ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል የተባለውን ንጥረ ነገር መሥራቱን ያቆማል። ቀድሞ በአረንጓዴው ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ቀለም ይገለጣል፤ በአንዳንዱም ዛፍ ቀይ ቀለም እንደ አዲስ ይሠራል፤ በመጨረሻ ቅጠሉ ይረግፋል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የምትርቀው ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በዓመቱ ረጅም ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ወቅትን የሚለውጠው ከቀኑ ርዝመት ይልቅ ዝናም ነው። የዝናሙ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ሲወርድ ሰማዩ ይገለጣል፤ በክረምት የጠገበው አፈርም እርጥበቱን እንደ ያዘ ፀሐይን ስለሚያገኝ ሣሩና አበባው ይፈነድቃል። ደመና በሌለበት ሌሊት የምድር ሙቀት ወደ ሰማይ ስለሚያመልጥ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ በደጋው አገር ውርጭ ይወርዳል።

ይህን ያልተረዳ ተማሪ የመፀውን ሥዕል ሣል ቢባል ከውጭ አገር መጽሐፍ ያየውን የሚረግፍ ቀይ ቅጠል ይሥላል። ሥዕሉ ውብ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሠላዩ ዐይን ያላየው ነው። በሌላ በኩል በዋሽንግተን ከተማ ለሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች የሚረግፈው ቅጠል እውነተኛ መፀው ነው። ወላጆቻቸው እ.ኤ.አ. በ1890 ወደ ተመሠረተው ወደ ሮክ ክሪክ መናፈሻ ወስደው ቅጠሉ ለምን እንደሚቀላ ቢያስረዷቸው፣ የአገር ቤቱን አደይ አበባም በንጽጽር ቢተርኩላቸው፣ ደግ ያደርጋሉ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሕፃን አስቀድሞ መማር ያለበት እግሩ የቆመበትን መሬት ወቅት ነው።

እንግዲህ በመፀው ጉብኝት ምን ይታያል? ከሁሉ አስቀድሞ አደይ አበባ ይታያል። አደይ አበባን የማያውቅ የለም፤ ቀርቦ የመረመረው ግን ጥቂት ነው። ተማሪው አንዱን አበባ በጣቱ ቀስ ብሎ ቢያጋድለው፣ አንድ መስሎት የነበረው አበባ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ማኅበር መሆኑን ያያል። በመካከሉ የተሰበሰቡት ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ ዙሪያውን የከበቡትም ቢጫዎቹ እንደዚሁ ናቸው። ከዚህ በኋላ ተማሪው ወደ ኑግ ማሳ ቢመራ፣ ከዚያም በጓሮ የተተከለውን ሱፍ ቢያይ፣ ሦስቱ አንድ ዐይነት አሠራር እንዳላቸው በራሱ ይደርስበታል። በእውነትም አደይ አበባ፣ ኑግና ሱፍ የአንድ ቤተ ሰብ ዕፀዋት ናቸው። መምህሩ ይህን በክፍል ውስጥ ቢናገር ቃሉ ለፈተና ይጠና ነበር፤ በሜዳ ሲገኝ ግን የተማሪው የራሱ ግኝት ይሆናል።

ተማሪው ከሜዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ በልብሱ ላይ እንደ መርፌ የተሰኩ ጥቋቁር ዘሮች ቢያገኝ እናቱ ትቈጣው ይሆናል። ዘሮቹ ግን ከአደይ አበባ የሥጋ ዘመዶች የአንዱ ናቸው፤ እግርና ክንፍ የሌለው ተክል በሰው ልብስና በከብት ጠጕር ተሳፍሮ ወደ አዲስ ቦታ እንዲሄድ የተሰጡት መንጠቆዎች ናቸው። ሕፃኑ ሳያውቀው የዘር ተሸካሚ ሆኗል። ይህን የተገነዘበ ልጅ ልብሱን ሲያራግፍ እንኳ ይማራል።

ከአበባው ጋራ ወፎች አሉ። ሕዝቡ የመስቀል ወፍ እያለ ከሚጠራቸው ትናንሽ ወፎች መካከል ተባዕቱ በበጋ ቡናማ ላባ ለብሶ ከሴቷ ሳይለይ ኖሮ፣ በዝናሙ ወራት ጥቁርና ቀይ ወይም ጥቁርና ቢጫ ላባ የሚያወጣ አለ። ስለዚህ ወፉ በመስቀል ጊዜ ከሩቅ አገር የመጣ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ልብሱን መለወጡ ነው። እውነተኞቹ እንግዶች ሌሎች ናቸው። በዚያው ወራት ነጩን ሽመላ የመሰሉ ብዙ ዐይነት አዕዋፍ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዳሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርና በደጋው ሜዳ ያርፋሉ። ተማሪው በካርታ ላይ የሚያጠናውን መንገድ እነዚህ ወፎች በየዓመቱ ያለ ካርታ ይበሩታል።

ክቡራን አድማጮች፤ አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለውን ጉብኝት የመዝናኛ ሽርሽር አድርጎ ይቈጥረዋል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ጥናት ሲያደርጉ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዝ ዳር ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። በሽታውን ወደ ሰው የሚያሸጋግረው ተውሳክ የሚያድገው በውሃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች አካል ነው። ዶክተር አክሊሉ ያዩትን ይዘው በሙከራ አረጋገጡት፤ እንዶድ ቀንድ አውጣውን የሚገድል መሆኑም ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እናቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ በዚያ ወንዝ ዳር ያለፈውም ሰው ቍጥር የለውም። ልዩነቱን ያመጣው ቆም ብሎ ማየትና «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጉብኝት የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ወደ የት ይኬድ? የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ቦታ አላጡም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ የእግር መንገዶች አሉት። በአዲስ አበባ ከተማና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋራ ጥረት የተቋቋመው የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል ደግሞ የአገሩን ተክሎች ለማጥናትና ለመጠበቅ የቆመ በመሆኑ ለመምህር የተመቸ ነው። በእንጦጦ ተራራ ሁለት ዐይነት ደን ጎን ለጎን ይታያል። አንዱ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የከተማይቱን የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ችግር ለማቃለል ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ሁለተኛው ጽድ፣ ወይራና ኮሶ የመሰለው ያገር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ለከተማይቱ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ይሁን እንጂ ከሥሩ የሚበቅለው ነገር ጥቂት ነው። ሁለቱን ማነጻጸር ለማንም ክፍል የሚስማማ ትምህርት ነው።

ከከተማው በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። በዚያ ደን ግዙፍ ጽድና ዝግባ ይታያል፤ ጉሬዛም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ይገኛል። ታሪክና የተፈጥሮ ጥናት በአንድ ዛፍ ሥር የሚማሩበት ቦታ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። አቅሙና ጊዜው ላላቸው ከፍተኛ ክፍሎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው፣ ሳላ በሜዳው የሚሰማራበት የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በሰሜንም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከተመዘገቡት ዐሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ የሆነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አለ። በዚያ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና ሣር በመብላት የሚኖረው ጭላዳ ይታያሉ፤ ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞተው ጅብራም በዚያ ይበቅላል። ይኸው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 ለአደጋ ከተጋለጡ ቅርሶች ተርታ ገብቶ፣ ከብዙ ድካም በኋላ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ሊጠፋ የተቃረበ ነገር በጥረት ሊመለስ እንደሚችል ለተማሪ የሚነገር እውነተኛ ምሳሌ ነው።

ነገር ግን መናፈሻ በሌለበት ወረዳ የሚያስተምር መምህር ይህን ሰምቶ ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ በብዙ ቦታ ጥንታዊው ደን ተመንጥሮ ሲያልቅ፣ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቀረው ጥቂት ዛፍ የአካባቢው የዕፀዋት መዝገብ ሆኖ ቆሟል። የመስጊድ ግቢ ዛፍ፣ የመቃብር ስፍራ ቁጥቋጦ፣ የወንዝ ዳር ሾላና ዋርካ፣ የገበሬው የማሳ ድንበር፣ ሁሉም መማሪያ ናቸው። ከትምህርት ቤት በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ባለ ሜዳ የሚደረግ በሚገባ የተዘጋጀ ጉብኝት፣ በአውቶቡስ ሩቅ ተሂዶ ያለ መሪ ከሚደረግ ሽርሽር ይበልጣል።

ጎረቤት አገሮችም በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ሥራ አላቸው። በኬንያ ዋና ከተማ ዳር የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1946 ተከፈተ፤ በ1968 ደግሞ የኬንያ የዱር አራዊት ክበቦች ማኅበር ተመሥርቶ በየትምህርት ቤቱ ክበብ እያቋቋመ ወጣቶችን ወደ ፓርኮች መርቷል። በዚያችው ከተማ የሚገኘው አንድ ሺህ ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የካሩራ ደን ለሕንፃ መሥሪያ ሊከፋፈል በነበረ ጊዜ፣ ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይና ባልንጀሮቻቸው ችግኝ ይዘው ወደ ደኑ ሄዱ። በጥር ወር 1999 በጥበቃዎች እስከ መደብደብ ደረሱ፤ ደኑ ግን ዳነ። እርሳቸውም በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በካሩራ ቤተ ሰቦች ከልጆቻቸው ጋራ ይመላለሳሉ። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ሕዝብ የሚያውቀውንና የሚወደውን ደን እንደሚጠብቅ ነው። ያላየውን ደን ግን ሲቈረጥም አያይም።

ወላጆች በጉብኝቱ ለምን ይኑሩ? አንዳንድ መምህር ወላጅን የሚጠራው ልጅ ሲያጠፋ ወይም ገንዘብ ሲዋጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊደል ያልቈጠሩ እናትና አባት ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሲቀርቡ እያፈሩ ነው። በሜዳ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እናት ግራዋና ጤና አዳም ለምን እንደሚጠቅሙ ያውቃሉ፤ የትኛው እንጨት በምጣድ ሥር ጥሩ ነዶ የትኛው እንደሚጨስ ይለያሉ። አባት ለሞፈርና ለቀንበር የሚሆነውን ዛፍ በሩቅ ያውቃሉ። አያት በልጅነታቸው በዚያ ጕብታ ላይ የነበረውን ደን ያስታውሳሉ። ልጁም መምህሩ ማስታወሻ ይዞ ከእናቱ ሲጠይቅ ባየ ጊዜ፣ ዕውቀት በሁለት ቤት እንደሚኖርና ሁለቱም ቤት የእርሱ እንደ ሆነ ይረዳል።

ይህ ነገር ጊዜ አይሰጥም። የዛፍ ስም በመጽሐፍ ሳይጻፍ በአዛውንት ልብ የሚኖር ከሆነ፣ አዛውንቱ ሲያልፉ ስሙ አብሮ ያልፋል። ስሙን ያላወቀው ትውልድ ዛፉን ሁሉ «እንጨት» ይለዋል፤ እንጨት ብቻ ለሆነ ነገር ደግሞ የሚራራ የለም። አንድ ክፍል በአንድ መፀው ከአያቶች ዐሥር የዕፀዋት ስሞችን ከጥቅማቸው ጋራ ቢመዘግብ፣ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ሊገዛው የማይችለው መጽሐፍ ይኖረዋል።

አሁን ስለ አመራሩ። ጉብኝት ያለ መሪ መበተን ነው። መምህሩ አስቀድሞ ብቻውን ወይም ከአንድ ባልደረባ ጋራ ቦታውን ሄዶ ማየት አለበት። የት እንደሚታረፍ፣ ውሃ የት እንደሚገኝ፣ ገደሉና ማጡ በየት እንደሆነ ያጥና። በመስከረም መጨረሻ ወንዞች ገና ሙሉ ስለሆኑ ሕፃናትን ወንዝ ማሻገር አይገባም። ሳማ ይለበልባል፤ የቁልቋል ወተትም ለዐይን አደገኛ ነው፤ እነዚህን ተማሪዎቹ ከመውጣታቸው በፊት በክፍል ውስጥ ይወቋቸው። ለትናንሽ ልጆች ቢያንስ ለዐሥሩ አንድ ዐዋቂ ሰው ቢመደብ መልካም ነው፤ ለዚህም የወላጆች መኖር ይጠቅማል። ቀኑ ሲመረጥ የክርስቲያኑም የእስላሙም ቤተ ሰብ የአምልኮ ቀን ይታሰብ። ከጧቱ 2 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 6 ሰዓት መመለስ ለሕፃናት ይበቃል።

ቀኑ ሲደርስ መምህሩ ንግግር አያብዛ። የአዲስ ጉብኝት መሪ ትልቁ ፈተና ያየውን ሁሉ ማስረዳት ነው። ተማሪው ራሱ አይቶ እስኪጠይቅ መታገሥ ይሻላል። አንድ ቦታ ተቀምጦ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሁሉም ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ ማድረግ፣ ከዚያም እያንዳንዱ የሰማውን ድምፅ እንዲጽፍ ማዘዝ፣ ለሕፃንም ለወላጅም የሚስማማ ሥራ ነው። አንዱ የወፍ ድምፅ፣ ሌላው የንብ፣ ሦስተኛው የሩቅ መጥረቢያ ድምፅ ይጽፋል።

ሁለተኛው ሥራ ለሒሳብ መምህር የሚሆን ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው በትር በሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይተከልና ጥላው ይለካል። በዚያው ደቂቃ የዛፉ ጥላ ይለካል። የበትሩ ጥላ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የዛፉ ጥላ 12 ሜትር ቢሆን፣ ዛፉ 20 ሜትር ቁመት አለው ማለት ነው። በክፍል ውስጥ ንጽጽር አልገባው ያለ ተማሪ በዚህ መንገድ ዛፉን ሳይወጣ ሲለካው ነገሩ ይገለጥለታል።

ሦስተኛው ሥራ በገመድ የሚሠራ ነው። አራት ሜትር ገመድ በአራት ችካል ላይ ተወጥሮ እያንዳንዱ ጎን አንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይበጃል። ልጅና ወላጅ ተንበርክከው በዚያ ውስጥ ስንት ዐይነት ተክልና ተባይ እንዳለ ይቈጥራሉ። አንዱ አራት ማዕዘን በባሕር ዛፍ ሥር፣ ሌላው በጽድ ወይም በወይራ ሥር፣ ሦስተኛው ከብት በጋጠው ሜዳ ላይ ቢሆን፣ ሦስቱ ቍጥሮች ከረጅም ስብከት ይልቅ ያስረዳሉ።

ከጉብኝቱ የሚመጣ አበባ መብዛት የለበትም። እንቁጣጣሽ በደረሰ ጊዜ ልጆች አደይ አበባ ቀጥፈው ለጎረቤት ማበርከታቸው የቆየና የተወደደ ባህል ነው፤ ነገር ግን አንድ መቶ ተማሪ በአንድ ሜዳ ቢሰማራና እያንዳንዱ እቅፍ ሙሉ ቢቈርጥ ለዘር የሚቀር አይኖርም። አንድ አበባ ለክፍሉ ይበቃል፤ ሌላው በሥዕል ይምጣ። የተረፈ ምግብና ወረቀትም ወደ መጣበት ይመለስ።

በመጨረሻ ስለ አንድ ከባድ ነገር መነገር አለበት። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ብዙ ተማሪዎችና መምህራን ችግኝ ሲተክሉ ቆይተዋል። በተከላው ቀን ሁሉም ይሰበሰባል፤ ሥዕል ይነሣል፤ ቍጥር ይነገራል። በመፀው ግን ማን ሄዶ ያያል? ችግኝ የሚጸድቀው ወይም የሚደርቀው ዝናሙ ከቆመ በኋላ ነው። ስለዚህ የመፀው ጉብኝት ዋና ሥራ በክረምት የተተከለውን መቍጠር ቢሆን ተገቢ ነው። አንድ ክፍል 50 ችግኝ ተክሎ 20ው ብቻ በሕይወት ቢገኝ፣ 20 ተብሎ ይጻፍ። ቍጥሩ ያሳፍራል ተብሎ 45 ተብሎ ከተጻፈ፣ ተማሪው በዚያን ቀን የተማረው ስለ ዛፍ አይደለም፤ ዋሽቶ ማደርን ነው። 20 ተብሎ ሲጻፍ ግን ጥያቄ ይወለዳል። ሠላሳው ለምን ደረቀ? ጕድጓዱ ጠቦ ነው? ፍየል በልቶት ነው? ዘግይቶ ተተክሎ ነው? ወይስ ለቦታው የማይስማማ ዛፍ ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ክፍል በመጪው ክረምት በተሻለ መንገድ ይተክላል፤ አጥር የሚያጥርም ወላጅ ያገኛል።

እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲቀርብ የሚነሡ ተቃውሞዎች አይጠፉም። የመጀመሪያው የጊዜ ነገር ነው፤ የትምህርቱ መርሐ ግብር ሞልቷል ይባላል። ነገር ግን ከላይ የተቈጠሩት ሥራዎች የሳይንስ፣ የሒሳብ፣ የአማርኛ፣ የሥዕልና የጂኦግራፊ ትምህርት ናቸው፤ ጉብኝቱ ከመርሐ ግብሩ የሚነሣ እንጂ በላዩ የሚጫን አይደለም። ሁለተኛው የገንዘብ ነገር ነው። እዚህ ላይ ኀላፊዎች ሊጠነቀቁ ይገባል፤ መዋጮ መክፈል ያልቻለ ልጅ በትምህርት ቤት ቀርቶ ሌሎቹ ወደ መናፈሻ ከሄዱ ጉብኝቱ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል። ሁሉም የሚሄድበትን የእግር መንገድ መምረጥ፣ ጥቂቶች ከሚሄዱበት ሩቅ ፓርክ ይበልጣል። ሦስተኛው የአደጋ ፍርሀት ነው። ፍርሀቱ ተገቢ ነው፤ ስለዚህም ለመምህሩ ብቻ መተው የለበትም። ርእሰ መምህሩ ቦታውን ዐውቆ፣ የወላጆችን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀብሎ፣ የመጀመሪያ ርዳታ መስጫ ሣጥን አዘጋጅቶ ሲያሰናብት፣ መምህሩም ልቡ ተረጋግቶ ይመራል። ጉብኝት ፈቅዶ ጥፋት ሲመጣ መምህሩን ብቻውን የሚያስጠይቅ አስተዳደር ካለ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚወጣ መምህር አያገኝም።

ክቡራን መምህራን፤ መፀው ሦስት ወር ነው። ጤፉ ሳይታጨድ፣ ሜዳውም ሳይደርቅ አንድ ቀን መምረጥ ይቻላል። ትምህርት ቤቱ ከአሁኑ ቀኑን በመቍጠሪያው ላይ ያኑር፤ መምህሩም ቦታውን ሄዶ ይይ፤ ለወላጆችም ደብዳቤ ይላክ። ማንበብ ለማይችሉት ልጁ ራሱ በቃሉ ይንገራቸው። ደብዳቤውም «ልጅዎን ይላኩ» ብቻ ሳይሆን «ከልጅዎ ጋራ ይምጡና የሚያውቁትን ያስተምሩን» የሚል ቢሆን፣ ጥሪውን የሚቀበሉት ወላጆች ከሚታሰበው በላይ ይሆናሉ።